በዘማች ፎቶ ከሰል ያቀጣጠልን እኛ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬ እስኪበርድ ብጠብቅም አልበረደም።

ከደብረ ብርሃን ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አንድ የኮሪያ ዘማች አረፉ። ክብር ዘበኛ ነበሩ። ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት ከላከችው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ዘምተው በሕይወት ከተመለሱት አንዱ ናቸው። በከተማዋ ትልቅ ትንሹ «ጋሼ ኮሪያ» ይላቸዋል። ለአርባቸው ሄድኩ። ድንኳን ተጥሏል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ቤቱ ሊከራይ ስለታሰበ ዕቃው ወደ ጓሮ ወጥቷል።

ወደ ጓሮ ዞር ስል የእንጨት ሳጥናቸው ተገልብጦ አየሁ። አጠገቡ አንዲት ልጅ ለቡና ከሰል ታቀጣጥላለች። የምታቀጣጥለው በፎቶ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ የድሮ ፎቶ። ጫፉን ለኩሳ ከከሰሉ ሥር ትሰካዋለች። የፎቶ ወረቀት ደግሞ ቶሎ አይነድም። ይጨሳል፣ ይጠቀለላል። «ይሄ አይረባም» አለችና ሌላ አነሳች።

ነጠቅኳት። የተረፈውንም ከመሬት ለቀምኩ። አንዱ ላይ ሁለት ወጣት ወታደሮች በረዶ ላይ ቆመዋል። በመሃላቸው የወታደር ካፖርት የደረቡለት የኮሪያ ሕፃን አለ፤ እጅጌው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ከጀርባው በወይን ጠጅ ቀለም «እኔና ጓዴ» ይላል። ከዚያ የሚቀጥለው የጓዱ ስም ነበር። የተቃጠለው ያ ጥግ ነው። ከሁለቱ አንዱ ጋሼ ኮሪያ ናቸው። ሌላው ማን ነው? ተመለሰ ወይስ እዚያው ቀረ? የሚያውቀው ሰው ከሞተ አርባ ቀኑ።

ትልቁን ልጃቸውን ጠየቅኩት። «አሮጌ ወረቀት ምን ያደርግልናል? የቤቱን ካርታ እንደሆነ ለይተን አስቀምጠናል» አለኝ። ይህን መልስ ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ያ «አሮጌ ወረቀት» ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በመርከብ የኮሪያ ወደብ ፑሳን ገባ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። የአሜሪካ ጦር የራሱን ጥቁር ወታደሮች ለብቻቸው ማሰለፉን ገና በመተው ላይ በነበረበት ጊዜ ነው ይህ የሆነው። ከ120 በላይ ልጆቻችን ወደቁ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ አንድም ምርኮኛ አልሰጡም። ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ሰብስበውም ተንከባክበዋል። ካፖርት የደረቡለት ሕፃን ምናልባት ከእነሱ አንዱ ይሆናል።

ከዚያ ደርግ መጣ። ኮሚኒስትን ወግታችኋል ተብለው ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ጋሼ ኮሪያ ፎቶዎቹን ጎታ ውስጥ፣ ከእህል ሥር ደብቀው እንዳሳለፉት አንድ ቀን አጫውተውኛል። 17 ዓመት ሙሉ! ደርግ ያላገኘው ፎቶ በገዛ ጓሯቸው፣ በራሳቸው ተዝካር ቀን ነደደ። ያሳዝናል። እያዘንኩም ደግሞ መልሶ ያናድደኛል።

ኮሪያዎቹ ቹንቾን ከተማ ላይ በ1960 ዓ.ም. ሐውልት አቆሙላቸው። ንጉሡም ሄደው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የመታሰቢያ አዳራሽ ከፈቱላቸው። እኛም አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር ላይ መታሰቢያ አለን፣ አልካድኩም። ግን ሐውልት የዚያን ጓድ ፊት አያሳየኝም። ፊቱ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ስሙ ያለው ሽማግሌው አፍ ላይ ነው። የመንግሥት መዝገብ ይበቃል የምትሉም አትሞኙ። በ1965 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ የነበረው የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 ሚሊዮን በላይ ፋይል ወድሟል። ፋይሉ ለጠፋበት ሰው፣ ነጭም ሆነ ጥቁር፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ደብዳቤና ፎቶ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ገምቱት።

እኛ ግን ምን ነካን? ለአንድ ሠርግ ሺህ ፎቶ እናነሳለን። ስልካችንን እያገላበጥን ከእነዚህ ሰዎች ጋር ቡና ጠጥተናል፤ «እስቲ ይሄ ማነው?» ብለን ግን አልጠየቅንም። የኮንጎ ዘማች፣ የኦጋዴን ዘማች በየቀበሌው አለ። ሲሞቱ ድንኳን እንጥላለን፣ እናለቅሳለን፣ ሳጥኑን ለቆራሌው እንሰጣለን።

እባካችሁ። ከኮሪያ ዘማቾች የቀሩት ዘጠናን ያለፉ ናቸው፤ ጊዜ የለንም። ለፋሲካ አገር ቤት የምትገቡ፣ ከዶሮው በፊት ሳጥኑን አስከፍቱ። ፎቶውን ከፊትም ከጀርባም በስልካችሁ አንሱት። አባታችሁን ወይም አያታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና በጣታቸው እያሳዩ የእያንዳንዱን ሰው ስም ይንገሯችሁ። ድምፃቸውን ቅዱ። ስሙን በእርሳስ ከጀርባው ጻፉ። የዘመቱት አርፈው ከሆነ ባለቤታቸውን ጠይቁ፤ ጎረቤቱን፣ ዕድርተኛውን ጠይቁ። ሳጥኑን የማትፈልጉት ከሆነም ለከተማችሁ ቤተ መጻሕፍት ስጡት እንጂ ጓሮ አትጣሉት።

ሁላችሁም ትሰሙኛላችሁ ብዬ አልጠብቅም፤ ተናግሬ ተናግሬ ደክሞኛል። አሥር ሰው ቢሰማኝ ግን አሥር ሳጥን ይተርፋል። ለጊዜው ተስፋዬ እስከዚያ ድረስ ነው።