ባዶ ካርድ በሙሉ ዋጋ

ኒንቴንዶ ስዊች 2 የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2025 ለገበያ ቀረበ፤ ሲወጣ ዋጋው በአሜሪካ 449.99 ዶላር ነበር። ስክሪኑ ወደ 7.9 ኢንች አድጓል፣ ጥሩ። ግን በ2021 የወጣው የቀድሞው ስዊች ሞዴል ቀለሙ የደመቀ የኦሌድ ስክሪን ነበረው፤ አዲሱ ወደ ቆየው የኤልሲዲ ዓይነት ተመለሰ! ገንዘብ ጨምሮ ወደ ኋላ መሄድ ምን የሚሉት ነው?

እሱንስ ልቻለው። ደሜን የሚያፈላው ለአንዳንድ ጨዋታዎች ያመጡት «የቁልፍ ካርድ» ነው። ከሱቅ ትገዛላችሁ፣ ትሰኩታላችሁ፣ ውስጡ ጨዋታ የለም። ሙሉውን ከኢንተርኔት ማውረድ ግድ ነው፤ ካወረዳችሁትም በኋላ ካርዱ ካልተሰካ አይከፈትም። ታዲያ ፕላስቲኩ ምን ሊረባን ነው? ጨዋታው የሚወርድበት ሰርቨር አንድ ቀን የተዘጋ እንደሆነስ ለማን አቤት ይባላል? በሞባይል ዳታ ለሚኖር የአዲስ አበባ ተጫዋችማ፣ በካርዱ ዋጋ ላይ የጥቅል ሂሳብ መደረብ ነው።

የመሣሪያው ማከማቻ 256 ጊጋባይት ነው። ሲሞላ በእጃችን ያለው ተራ ማይክሮ ኤስዲ ሚሞሪ ካርድ ጨዋታ አይጫንበትም፤ «ኤክስፕረስ» የሚባለውን ውዱን ዓይነት ካልሆነ አይቀበልም። ይባስ ብለው የመሣሪያውን አዳዲስ ችሎታዎች የሚያስተዋውቀውን «ዌልካም ቱር» እንኳ ለብቻው ሸጡልን። የአጠቃቀም መመሪያ በክፍያ!