አህያውን ፈርተን ዳውላውን የመታን ሰዎች

ወገኖቼ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ኪሳችሁ የገባ፣ በየምርጫው ድምፅ የምትሰጡ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ይዘን «የባሰችው ኢራን ናት ወይስ ሰሜን ኮሪያ?» የሚል ክርክር ተነሣ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ የፒዮንግያንግን የሚሳኤል ሰልፍ አሳየን፤ ሌላው ቴህራን አደባባይ የሚፎክሩትን። ማን ምን አለው፣ ማንስ ገብቶ ቆጠረው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ድምፁ የጎላው ረታ፣ ዳቦው አለቀ፣ ተበተንን። ከ5,000 በላይ የኒውክሌር ቦምብ ያላትን ሩሲያን ደግሞ ማንም አላነሣት። ለምደናት ነው መሰል።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል «ሳዳም የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ደብቋል» ብሎ ጸጥታው ምክር ቤት ፊት ያቺን የአንትራክስ ምሳሌ የሆነች ብልቃጥ ከፍ ሲያደርጋት፣ እኔ ከፓርኪንጉ ዳስ ውስጥ በትንሽዬ ቴሌቪዥን እያየሁ «አለቀለት ሳዳም!» ብዬ ጠረጴዛ ደበደብኩ። በማርች ጦሩ ኢራቅ ገባ። ተፈለገ፣ ተቆፈረ፤ የተባለው ክምችት የለም። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ግን ሰሜን ኮሪያ የዓለም አቀፉን የአቶሚክ ኤጀንሲ ተቆጣጣሪዎች አባርራ የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ ከሚያግደው ስምምነት መውጣቷን በይፋ ተናግራ ነበር። በ2006 የመጀመሪያውን ቦምብ ከመሬት በታች አፈነዳች፤ በ2017 ስድስት ሞላላት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ከሁለቱ የቱ ይከብዳል ካላችሁኝ፣ ለእኔ ሰሜን ኮሪያ ትከብዳለች። ቦምቡ አላት፣ አሜሪካ ይደርሳል የሚባለውን ሚሳኤል ሞክራለች፣ ከ2009 ወዲህ ተቆጣጣሪ ደጇን አልረገጠም። ኢራንን ቀላል ናት አላልኩም። ዩራኒየሙን አበልጽጋ፣ ማለት አጣርታ፣ 60 በመቶ አድርሳለች፤ ለቦምብ 90 ገደማ ነው የሚፈለገው። ግን ከአሜሪካና ከሌሎች ኃያላን ጋር በገባችው የ2015ቱ ስምምነት ከ3.67 በመቶ እንዳታልፍ ታስራ፣ ተቆጣጣሪም እላይዋ ላይ ነበር። በ2018 ጥለን የወጣነው እኛ ነን፤ 60 የመጣው በ2021 ነው። በጁን 2025 ፎርዶ፣ ያ ከተራራ ሥር ያለው የኢራን ማበልጸጊያ፣ ሲደበደብ እልል ያላችሁ፣ ከ400 ኪሎ በላይ የሆነውን ያን ክምችት ተቆጣጣሪዎቹ ከዚያ በኋላ ለወራት በዓይናቸው ማየት እንዳልቻሉ ሰምታችኋል?

«ስምምነት ወረቀት ነው» ትሉኛላችሁ። አጥቼው ነው? ጣሊያን የመርዝ ጋዝ የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ አይደል እንዴ አያቶቻችን ላይ ከአውሮፕላን የረጨችው! ለዚህ ነው ፊርማውን ተዉትና ገብቶ የሚቆጥረውን ሰው ጠይቁ የምለው።

እንግዲህ ዕጩው አዳራሻችን መጥቶ፣ ነጠላ አልብሳችሁት እንጀራ ስታጎርሱት፣ ስለ ቪዛ ብቻ ጠይቃችሁ፣ ፎቶ ተነሥታችሁ እንዳትሸኙት። «ሰሜን ኮሪያ ዮንግብዮን ኒውክሌር ጣቢያ ተቆጣጣሪ የሚገባው መቼ ነው? ፎርዶስ?» በሉት። ጉርሻውን እስኪውጥ ጠብቁት።