ሽንት ቤቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ ተባልኩ!

ደሜ ፈልቶ ነው የምጽፈው። ያ ሽንት ቤት ዛሬም ገነፈለ፤ ጥፋተኛዋ ደግሞ እኔ ሆንኩ። ለምን? ሶፍት ስለምጠቀም!

አከራዬ እትዬ ግቢው መሀል ቆመው፣ ተከራዩ ሁሉ እየሰማ፣ «እዚህ ግቢ ወረቀት የሚጥል ካንቺ በቀር ማን አለ? ሌላው በውሃ ነው የሚጠቀመው» አሉኝ። «እትዬ፣ ሶፍት እኮ ውሃ ውስጥ ይፈርሳል» ብላቸው «አስተማሪ ነኝ ብለሽ እኔንም ልታስተምሪኝ ነው?» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። የጎረቤት ልጆች ሳቁብኝ። ነገ ክፍል ውስጥ የምጠብቃቸው ልጆች ናቸው እኮ!

ከዚያ የቧንቧ ሠራተኛው መጣ። ማንሆሉን ከፍቶ ረጅም ቀርቀሃ ከተተ፣ አሽከረከረ፣ ጎተተ። ምን ወጣ መሰላችሁ? ዋይፕስ! የሕፃን መጥረጊያው። እርስ በርሱ ተገምዶ እንደ ጭነት ገመድ ረዝሟል፤ በየመሀሉ ጌሾና ብቅል ተሰግስጎበታል፣ ላዩ ላይ ቅባት ረግቶበታል። የሶፍት ዘር የለበትም። ሰውዬው «ይሄ ፕላስቲክ አለበት፣ ዓመት ቢቀመጥም አይሟሟም» አለ። እኔ ልጅ አለኝ? ጠላ እጠምቃለሁ? ከባሕር ዳር ጨቅላ ይዛ መጥታ የከረመችው የሳቸው ልጅ ናት። የማኅበሩን አተላ በባልዲ ሲገለብጡትም በዓይኔ አይቻለሁ። አተላ እኮ የከብት ነው! ገጠር ቢሆን በሬ ይደልብበት ነበር። ሴፍቲ ታንከር ውስጥ ግን ከሥር ይዘቅጣል፣ የወጡ ቅባት ከላይ ይረጋል፣ መሀል ላይ ውሃው መውጫ ያጣል።

እትዬ ያን ሁሉ አይተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እንግዳ ናት፣ ምን ታውቃለች!» አለቀ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም።

ደግሞ ውሃው! ማርቆስ ውሃ በፈረቃ ነው፣ እሺ። ግን ሮቶው ሞልቶ ሳለ መክፈቻውን የሚቆልፉት ለምንድነው? በአንድ ጆግ ውሃ ምን ይሄዳል? ቆሻሻውን የሚገፋው እኮ ውሃው ነው። ሲያንስ ፈሳሹ ቀድሞ ያልፍና ጠጣሩ ቱቦው ውስጥ ተቀምጦ ይደርቃል። የሽንት ቤት ገንዳ እንኳ አንዴ ሲለቀቅ 6 ሊትር ገደማ ነው የሚያፈሰው። በዚያ ላይ ሽታ ይጥፋ ብለው በረኪና በጠርሙስ ይገለብጡበታል፤ ቆሻሻውን የሚያብላላውን ባክቴሪያ ይጨርሱታል። የጣሪያው አሸንዳም ወደዚያው ነው የተለቀቀው። ክረምት ሲገባ፣ ያ የጎጃም ዝናብ ሲወርድ፣ ግቢው ምን እንደሚሆን አስቡት። ስንቴ ተናገርኩ! የምጣዳቸውን የመብራት ሒሳብ ለእኛ ሲያካፍሉ ዝም ስላልን ነው ይሄ ሁሉ የመጣው።

አሁን የመጣጭ መኪናው ክፍያ በተከራይ ተካፍሏል። የኔ ድርሻ ከሁሉም በልጧል፣ «ወረቀት» ስለምጥል! ቀርቀሃው ላይ የተንጠለጠለውን ሁላችንም አይተን! «ካልተመቸሽ ልቀቂ» ተብያለሁ።

እለቃለሁ። ግን አንድ ብር አልከፍልም። ማርቆስ ውስጥ የራሱ ሽንት ቤት ያለው ክፍል የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ራቅ ቢልም ግድ የለኝም። እባካችሁ ቶሎ።