ተከራይ የማይጠራበት ስብሰባ

በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ወሬው ብዙ ጊዜ በውሃ ይጀምራል። «መጣ እንዴ?» «ሌሊት መጥቶ ነበር፣ እናንተ ጋ አልደረሰም?» ከዚያ ወደ ፓምፑ ይኬዳል። ማን እንዳጠፋው፣ የማን ሮቶ ሞልቶ ሲፈስ እንዳደረ፣ አራተኛ ፎቅ ያሉት ስንት ጀሪካን ተሸክመው እንደወጡ። ቀጥሎ ጽዳት ይነሳል። ቀጥሎ ጥበቃ። በመጨረሻ ደግሞ ከላይ ቤት በማለዳ ቡና የሚወቅጠው ሰው። (ሙቀጫን ከሥር ሆኖ ያልሰማ ሰው ስለ ድምፅ ብክለት ባያወራ ይሻላል።)

ወሬው የሚዘጋበት ዓረፍተ ነገርም የታወቀ ነው። «ድሮ ጉርብትና ነበር፣ ኮንዶሚኒየም አጠፋው» ይባላል። ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ወደየቤቱ ይገባል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ሕንፃው ጥፋት የለበትም ማለቴ አይደለም። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ድምፅ ያሳልፋል፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ ተብሎ የተሠራው የጋራ ቤትም በብዙ ቦታ ተከራይቶ ሱቅ ወይም መጋዘን ሆኗል። ስለዚህ በዓል ሲመጣ በጉ ደረጃ ሥር ይታረዳል፣ ከዚያ ማን ይጠበው የሚል ጭቅጭቅ ይከተላል። ግን ይህ ሁሉ ተጎራባቾች ተነጋግረው የሚፈቱት ነገር ነው። ጥያቄው ማን ከማን ጋር ይነጋገራል የሚለው ነው።

ስለ ድሮው ጉርብትና ስናወራ የምንረሳው ነገር አለ። ጨርቆስ፣ ልደታ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ ተቃቅፎ የኖረው ሰው አብዛኛው የቤት ባለቤት አልነበረም። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አነስተኛ ኪራይ የነበራቸው ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፣ ከፍ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች። ከዚያ በኋላ ያ በናፍቆት የምናነሳው ሰፈር በአብዛኛው የቀበሌ ቤት ተከራይ ሰፈር ነበር። ቡና የሚጠራራው፣ ልጅ የሚቆጣልህ፣ ሐዘን ሲደርስ ቀድሞ የሚገኘው ጎረቤት ተከራይ ነበር።

ታዲያ ምን ለየው? የሚያስወጣው አልነበረም። ኪራዩ ኢምንት ነው፣ ደላላም አያንኳኳም። ልጅ እዚያው ግቢ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ከዚያው ግቢ ይዳራል። ከጎረቤትህ ጋር ብትጣላ ሃያ ዓመት አብረኸው ልትኖር ስለሆነ የግድ ትታረቃለህ። ባለቤትነት አልነበረም ያስተሳሰራቸው፣ መቆየት ነው።

አሁን ወደ ኮንዶሚኒየሙ እንምጣ። ፕሮግራሙ በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ጊዜ ቦሌ ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀመረ። ከዚያ ጎተራ፣ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እያለ ሄደ። ዕጣ ደረሰህ እንበል። የባንክ ዕዳ በየወሩ አለ። ቤቱን ለመኖሪያ ለማድረስ ሌላ ወጪ አለ። የልጆችህ ትምህርት ቤት ከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነው፦ ቤቱን ያከራይና እሱ ራሱ ሌላ ቦታ ረከስ ያለ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ሒሳቡ የሚያመጣው ነገር ነው።

ውጤቱ ግን ብሎኩ ውስጥ የሚኖረውና የብሎኩ ባለቤት የሆነው ሰው ተለያዩ። የሕንፃውን ጉዳይ የሚገዛው በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ፣ ቁጥር 370 ነው። ማኅበሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። አባሉ ባለቤቱ ነው፣ ድምፁም የባለቤቱ። አዋጁ ሲጻፍ ባለቤቱ እዚያው ይኖራል የሚል ግምት የነበረ ይመስለኛል።

እኔ የምኖርበት ብሎክ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ኮሚቴው እሑድ ጠዋት ስብሰባ ጠራ። የመጡት እዚሁ የምንኖር ባለቤቶች ነን፣ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ። ዱባይ ያለ አንድ ባለቤት በቴሌግራም ሐሳቡን ላከ። አጀንዳው ፓምፕ ነበር። ኤሌክትሪክ ስለሚበላ በተወሰነ ሰዓት ብቻ ይሠራ ተባለና ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ሆነ። ለጡረተኛ የተመቸ ሰዓት ነው። ከብሎኩ ነዋሪ አብዛኛው ግን ተከራይ ነው፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ ቦታ ነው።

በማግሥቱ አንዲት ተከራይ ሰብሳቢያችንን ደረጃው ላይ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ በሦስት ሰዓት ቤት የለንም።»

«ልጄ፣ ውሳኔ ነው። ቅሬታ ካለሽ ባለቤቱን ላኪልን።»

ባለቤቱ አዋሳ ነው የሚኖረው። ስለ ፓምፕ ሰዓት ብሎ ከአዋሳ አይመጣም፣ ደግሞስ እሱ ምን ጎደለበት? ከዚያ የሆነውን መገመት ይቻላል። ለጥበቃው ትንሽ ብር እየተሰጠ ፓምፑ ማታ ማታ ይነሳ ጀመር። ይህን ያወቁ ባለቤቶች ተቆጡ። ጥበቃው ተባረረ። ተከራዮቹ «ሌቦች» ተባሉ፣ ኮሚቴውም «አምባገነን» ተባለ። ሰላምታ የተቋረጠው ያኔ ነው። ይህን ሁሉ በኋላ ያየ ሰው «ጉርብትና ጠፋ» ቢል አይፈረድበትም። መጥፋት የጀመረው ግን ከእሑዱ ስብሰባ ነው።

ከዚያው ብሎክ ሳንወጣ ሌላ ነገር እንይ። ዕድራችን ተከራይን ይቀበላል። መግቢያውን ከከፈልክ፣ ወርሃዊውን ከከፈልክ፣ ቀብር ከወጣህ አባል ነህ። ካርታ አምጣ የሚልህ የለም። ድንኳን ሲተከል ሟቹ ባለቤት ይሁን ተከራይ ማንም አይጠይቅም። ስብሰባ ላይም ተከራዩ ተነስቶ ይናገራል፣ ይመረጣልም። የሚገርመው የኮሚቴውና የዕድሩ ሰብሳቢ አንድ ሰው ናቸው። ደረጃው ላይ «ባለቤቱን ላኪልን» ያሉት ጋሼ፣ በዕድሩ ስብሰባ ላይ የዚያችኑ ሴት አስተያየት በደንብ ያዳምጣሉ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። በጣሪያ ጥገና፣ በቀለም፣ በሕንፃው መዋቅርና በጋራ ቤቱ ኪራይ ላይ ባለቤት ይወስን። ንብረቱ የእሱ ነው። በውሃ ሰዓት፣ በደረጃ ጽዳት፣ በጥበቃ ቅጥር፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በድምፅና በበዓል ዕርድ ላይ ግን እዚያ የሚያድረው ሰው ይወስን፣ ካርታው በማንም ስም ይሁን። ለዚህ አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ማኅበሩ የነዋሪዎች ንዑስ ኮሚቴ ቢያቋቁምና ውሳኔውን ቢቀበል የሚከለክለው ያለ አይመስለኝም።

«ተከራይ እኮ ነገ ጥሎ ይሄዳል» የሚል መልስ ይመጣል። እስከ ቅርብ ጊዜ እውነት ነበረው። አከራዩ በየስድስት ወሩ ይጨምራል፣ ያልቻለ ይወጣል። መጋረጃውን ሳይሰቅል የሚወጣ ነበር። አሁን ግን በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320 ወጥቷል። ውሉ ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም፣ ጭማሪውም አከራዩ ባሰኘው ጊዜና መጠን አይደለም። አፈጻጸሙ ላይ ቅሬታ ሞልቷል፣ ከውል ውጭ በእጅ የሚቀበል አከራይም አለ። ቢሆንም ሁለት ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። የጎረቤትህን ልጅ ስም ለማወቅ ይበቃል፣ ቡና ለመጠራራትም ይበቃል። የቀበሌ ቤቱን ያህል መቆየት ባይሆንም መነሻ ነው።

ሁለተኛው መልስ ስለ ገንዘብ ነው። «መዋጮ የማይከፍል ሰው እንዴት ይወስናል?» ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ደረጃችን ሥር የተለጠፈውን የባለዕዳዎች ዝርዝር ቆም ብለው ቢያነቡት ጥሩ ነው። ስሞቹ በሙሉ የባለቤቶች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ የጽዳቱንና የጥበቃውን ከኪራዩ ጋር ደምረው በየወሩ ከተከራያቸው ይቀበላሉ። ኮሚቴው ጋ ግን አልደረሰም።