ብርድዎ ማስረጃ አለው ወይ?

እንግሊዞችን በሌላ በሌላው ብናማቸውም በአንድ ነገር ግን እጅ ነስተናል። አዛውንት በብርድ ሲንቀጠቀጥ ቢያዩ ዘለው ማሞቂያ አይለኩሱም። ሳያጣራ የሚያሞቅማ ያልሠለጠነ ሰው ነው። መጀመሪያ በወጉ ይጠይቃሉ። ገቢዎ ስንት ነው? ባንክ ያለዎትስ? ከማን ጋር ነው የሚኖሩት? ብርዱ የት ይሄዳል፣ ይጠብቃል።

ድሮ እንዲህ ያለ ጨዋነት አልነበረም። ጎርደን ብራውን የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለጡረተኞች የሚሰጠውን የክረምት ማሞቂያ ድጎማ ሲጀምሩ ነገሩን በጣም አቅልለውት ነበር። ዕድሜዎ ደረሰ? እንኩ። ገንዘቡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአንድ ቤት 200 ፓውንድ ገባ፣ 80 ዓመት የሞላው ሰው ካለበት ደግሞ 300። ፎርም የለ፣ ደጅ ጥናት የለ፣ ለአብዛኛው ሰው ከገና በፊት ባንክ ገብታ ትገኛለች። እንዲህ ያለ ቀሽም አሠራር ይኸው እስከ 2024 ድረስ ቆየ።

በመሀል በ2017 የወግ አጥባቂው ፓርቲ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ጡረተኛውን በገቢ እንለየው ብለው በምርጫ ማኒፌስቷቸው ላይ አስገብተው ነበር። ተቃዋሚ የነበረው ሌበር ፓርቲ ያኔ አገር ይያዝልኝ አለ። ምስኪን አረጋውያን! እግዜር ይስጠው፣ በ2024 ራሱ ሥልጣን ሲይዝ ወር እንኳ ሳይሞላው ያንኑ ነገር አደረገው። ጁላይ 29 ቀን የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ በመንግሥት ካዝና 22 ቢሊዮን ፓውንድ ጉድጓድ አግኝተናል ብለው ተናገሩ፣ ጉድጓዱም በአያቶች ብርድ ልብስ መደፈን እንዲጀመር ተወሰነ። ከ10 ሚሊዮን በላይ የነበረው ተቀባይ በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ተቃዋሚዎች ይሰረዝ ብለው ቢሟገቱ ፓርላማው 348 ለ228 አሸነፋቸው። እግረ መንገዴን፣ ከለንደን ራቅ ካለ ቦታ የተመረጠ የምክር ቤት አባል ለሥራ ሲመጣ ለሚያድርበት ቤት የማሞቂያ ሒሳቡን ከሕዝብ ገንዘብ ማስከፈል ይችላል። እሱ ይበርደዋላ።

የክርክሩ ጀግና ግን ያ ሚሊየነር ጡረተኛ ነው። በየቴሌቪዥኑ እሱ ሳይነሳ ውይይት አያልቅም። 200 ፓውንዷን ተቀብሎ ወይን ይገዛባታል የተባለው ሰውዬ! እውነቱን ለመናገር ድጎማው ለሱ እንደማያስፈልገው ማንም አይከራከርም፣ ከታክሱ ላይ መልሶ መቁረጥ ይቻል ነበር። ግን እሱ ቀላል ነው፣ ቀላል ነገር ደግሞ ክብር የለውም። ስለዚህ የአንድ ሰው ወይን እንዳይሞላ ሚሊዮኖች ካፖርት ለብሰው ሳሎን ተቀመጡ።

መለያ መስመሩም እንዴት ያማረ ነበር! ድጎማውን ለማግኘት ፔንሽን ክሬዲት የሚባለውን፣ ገቢው ዝቅ ላለ ጡረተኛ የሚሰጠውን፣ ወይም መሰል እርዳታ ማግኘት ያስፈልግ ነበር፣ ለዚያ ደግሞ በ2024 ብቻውን የሚኖር ሰው ገቢው በሳምንት 218 ፓውንድ ከ15 ፔንስ እንዳያልፍ ነበር በጥቅሉ የሚፈለገው። በ218 ይበርድሃል፣ በ220 ላብ በላብ ትሆናለህ። ሳይንስ ነው።

የፔንሽን ክሬዲቱን ፎርም የሞላ ያውቀዋል። ወረቀቱ 243 ጥያቄ አለው ተብሎ ጋዜጣው ሁሉ አውርቶለታል። ሁሉም ሁሉን አይመለከትም፣ ያም ሆኖ እዚህ ለንደን ለሀበሻ እናቶች ፎርም መሙላት የኛ የልጆቻቸው ሥራ ስለሆነ አንድ ቅዳሜዬን በልቶታል። እማማ ጋቢያቸውን ካፖርት ላይ ደርበው፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠብቁኛል። አጠገባቸው ያለችው የጋዝና የመብራት ቆጣሪ ስክሪን ፍጆታው በዛ ብላ ቀይ ስታበራ ሻይ ያፈሉት እሳቸው ራሳቸው እንደሆኑ እያወቁ ይደነግጣሉ።

«እማማ፣ ቁጠባ አለዎት ወይ?»

«ዕቁብ ይቆጠራል ልጄ?»

ምን ልበላቸው? ቀጠልን። የባንኩም አለች። አስከሬኔ አገሬ ይግባ ብለው ለቀብራቸው ያጠራቀሟት፣ 12,000 ፓውንድ። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ከ10,000 በላይ ያለው እያንዳንዱ 500 ፓውንድ በሳምንት 1 ፓውንድ ገቢ እንደሚያስገባ ተደርጎ ይታሰባል። እማማ ሳያውቁት በሳምንት 4 ፓውንድ የሚያተርፍ ቀብር አላቸው። ከ10,000 በላይ ባለችው 2,000 ላይ በዓመት ሲሰላ ከ10 በመቶ በላይ ወለድ ነው። እንዲህ የሚከፍል ባንክ የምታውቁ በውስጥ መስመር አድርሱኝ።

መንግሥት ራሱ እየተገባቸው ፔንሽን ክሬዲት ያልጠየቁ እስከ 880,000 ቤቶች አሉ ብሎ ገምቶ ነበር። ወንፊቱ ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆነ ተመልከቱ፣ እንክርዳዱንም ስንዴውንም እኩል አስቀርቷል።

ልምዱም የቆየ ነው። በ2015 አውሮፓ የሚኖሩ እንግሊዛውያን ጡረተኞች ሲጣሩ ክረምቱ ከደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የሚሞቅ አገር ያለ ሁሉ ድጎማው ቀረበት። ስፔን፣ ግሪክ፣ ቆጵሮስ፣ እሺ። ፈረንሳይም ተጨመረች። እንዴት? አማካይ ሙቀቷ ሲሰላ ባሕር ማዶ በሞቃት አገር ያሉት ደሴቶቿ ጓድሎፕ፣ ማርቲኒክና ሬዩኒዮን አብረው ተደመሩ። አልፕስ ተራራ ሥር ደጁን ከበረዶ የሚጠርግ ሽማግሌ በካሪቢያን ፀሐይ ሞቀ ተባለ። ይሄን ያሰበ ሰው ሹመት ይገባዋል።

ሌላም ድጎማ አለ፣ የቅዝቃዜ ክፍያ የሚባል፣ 25 ፓውንድ። አንዳንድ እርዳታ ለሚያገኙ ነው፣ ያውም አማካዩ ሙቀት 7 ተከታታይ ቀን ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ። አማካዩ አንድ ዲግሪ ከሆነ ብርዱ ሥራ ላይ አልተገኘም ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ሌበሮች ድምፅ ሰጪው ፊቱን ማዞሩን ሲያዩ፣ ጁን 2025 ላይ ሐሳባቸውን ቀየሩ። አሁን የማሞቂያ ድጎማው ለጡረተኛ ሁሉ ይሰጣል፣ የዓመት ገቢው ከ35,000 ፓውንድ የሚበልጥ ከሆነ ግን በታክስ በኩል ይመለሳል። አዎ፣ መጀመሪያውኑ ማድረግ ይቻል የነበረው። ግን አጣሪነታቸውን ጨርሰው አልተዉም፣ ተመስገን። ብቻዋን የምትኖር 35,001 የምታገኝ ሴት ሙሉ 200ዋን ትመልሳለች። ጎረቤቷ ያሉት ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው 34,000 ቢያገኙ፣ ቤቱ ውስጥ 68,000 ይገባል ማለት ነው፣ ሰባራ ሳንቲም አይመልሱም። የሚታየው የሰው ገቢ እንጂ የቤት አይደለማ። ለሁለት ሲሆኑ ብርዱ ይበረታ ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ለጡረተኛ ሁሉ የምትሰጥ የገና ጉርሻ አለች፣ 10 ፓውንድ። በ1972 ስትጀመር 10 ነበረች፣ ዛሬም 10 ናት። ሚሊየነሩም ገቢው ሳይጠየቅ ይወስዳታል። ለማን እንደምትገባ የሚያጣራ ቢሮ እስካሁን አለመከፈቱ የሚገርም ነው። ፎርሙን ለማርቀቅ እኔ ዝግጁ ነኝ፣ ከ243 ጥያቄ አላሳንሰውም።