ላም ጠፍቷችሁ ነው?

ሞንፐልዬ የምትባል የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ መኖር ከጀመርኩ 9 ዓመቴ ነው፣ እና እዛ ከተጣቡኝ አመሎች አንዱ ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳ አዝሎ ያለምንም ጉዳይ ገደል ለገደል መዞር ነው። ሀይኪንግ በሉት፣ ፈረንሳዮቹ ራንዶኔ ይሉታል። ዘንድሮ ሐዋሳ አክስቴ ጋር አንድ ወር ልቀመጥ ስመጣ አመሌም አብሮኝ መጣ፣ አክስቴ ገና የተራራ ጫማዬን በረንዳ ላይ ስታይ "ይሄ የወታደር ነው እንዴ?" ብላ ጀመረች፣ አገላብጣ አይታ ሶሉን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው፣ ዋጋውን አልጠየቀችኝም፣ ለጊዜው።

የምዞርበትን ቦታ ትንሽ ላስረዳ። ከሞንፐልዬ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ገደማ ሲነዳ ግራን ኮስ የሚባል አገር አለ፣ ታርንና ዦንት የሚባሉ ወንዞች የኖራ ድንጋዩን ሲቆርሱ ሲቆርሱ ኖረው 400፣ 500 ሜትር የሚጠልቅ ገደል ሰርተዋል፣ ከላይ የቀረው ደግሞ ጠረጴዛ የመሰለ አምባ ነው፣ ከነዚህ አምባዎች አንዱ ኮስ ሜዣን ይባላል። ከፍታው በአማካይ 1,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ለነሱ ይሄ ከፍ ያለ ቦታ ነው እሺ፣ በአካባቢው አለ የሚሉት ትልቁ ተራራ ሞን ሎዜር ደግሞ 1,699 ሜትር ነው። ይሄን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ምክንያቱም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለህ የአሳ ሾርባህን ስትጠጣ ያለህበት ከፍታ ነው፣ ሜትር ቢጎድል ቢተርፍ ነው። እነሱ ላባቸውን አንጠፍጥፈው ጫፍ ላይ ወጥተው ሰልፊ የሚነሱበትን ከፍታ እኛ በባጃጅ ነው የምንዞርበት።

ግን መንገዱን መንገድ አድርገውታል፣ ይሄን መካድ አይቻልም። ዤ ኤር የሚሏቸው ረጃጅም የእግር መንገዶች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው፣ ምልክቱ ነጭና ቀይ ሁለት ሰረዝ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ነው ይሄን ቀለም መቀባት የጀመሩት፣ እስከዛሬም የሚቀቡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ቆርቆሮ ቀለምና ብሩሽ ይዞ ዛፍ ለዛፍ ሲዞር ታገኛለህ። ቀጥታ ከሆነ ሁለት ሰረዝ፣ የምትታጠፍ ከሆነ ሰረዞቹ ስር ቀስት፣ መንገዱ በዚህ አይደለም ለማለት ደግሞ የተሻገረ ኤክስ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ኤክሱን አይቼ "እስቲ ምን አለ እዚህ" ብዬ ገባሁ፣ የሐበሻ ነገር፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ ቋጥኝ ጫፍ ላይ ወንዙን ከስሬ እያየሁ መውረጃ አጥቼ ቆምኩ፣ በመጣሁበት ተመለስኩ።

እና የዛን ቀን ነው የቦታው ነገር የገባኝ። ውሃዬ አልቋል፣ አምባው ላይ ደግሞ ውሃ የለም፣ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡ እንደዘነበ ወደ ውስጥ ይሰርግና ከታች ገደሉ ስር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ላይ ያለው ላቮኝ የሚሉት ብቻ ነው፣ ዙሪያውን በድንጋይ የተነጠፈ ክብ ኩሬ፣ በጎች የሚጠጡበት፣ ያገኘሁት ኩሬ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ እንቁራሪት ተቀምጣበታለች። ሰው ልጠይቅ ብዬ አንድ መንደር ገባሁ፣ ቤቶቹ ከነጣሪያቸው ድንጋይ ናቸው፣ ያምራሉ፣ መስኮቶቹ በሙሉ ዝግ። መሀል ላይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ ልጆቻቸው ስም የተቀረጸበት ሐውልት አለ፣ እንዲህ አይነት ሐውልት የሌለው መንደር ፈረንሳይ ውስጥ ብርቅ ነው፣ ስሞቹን ቆጠርኩ፣ 17። ሰው ያለባቸውን ቤቶች ቆጠርኩ፣ 4። አንዲት አሮጊት በር ከፍታ ጠርሙሴን ከቧንቧ ሞላችልኝ፣ "ቦን ራንዶኔ" ብላ መልሳ ዘጋች፣ ክፉ አይደለችም፣ ግን ከየት መጣህ አላለችም፣ አረፍ በል አላለችም።

መንገዶቹ'ኮ ሲጀመር ለመዝናኛ የተሰሩ አይደሉም። ብዙዎቹ በበጋ በግ ከቆላው ወደ ደጋው የሚነዳባቸው ድራይ የሚባሉ የእረኛ መንገዶች ነበሩ፣ ዩኔስኮም አካባቢውን እ.ኤ.አ. በ2011 የመዘገበው ለዚሁ የእረኝነት ባህሉ ብሎ ነው። ከዛ ሰዉ በጦርነት አለቀ፣ የተረፈው ወደ ፋብሪካና ወደ ከተማ ወረደ፣ እና የሚጠየቅ ሰው ሲጠፋ ድንጋዩ ላይ ቀለም ቀቡ። ጥንብ አንሳውም እንደዛው ነው፣ በጥይትና በመርዝ ጨርሰውት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ዦንት ገደል ላይ እንደገና ለቀቁት፣ አሁን ሰዉ መነጽር ይዞ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይውላል። እኛ ሐዋሳ አሳ ገበያው፣ አሞራ ገደል ሄደን አባ ኮዳው እግራችን ስር ቆሞ የአሳ አንጀት ሲጠብቅ ሂድ እንለዋለን፣ ያውም እሱ ሂድ ሲባል የሚሰማ ፍጥረት አይደለም፣ እንደ ባለ እዳ ነው አፍጥጦ የሚያይህ።

እሺ ሐዋሳ። በንጋት ታቦር ተራራ ላይ የሚሮጡትን ወጣቶች ሳይ በጣም ደስ አለኝ፣ ከላይ ሆነህ ሐይቁንና ከተማውን በአንድ አይን ታያለህ። ሐይቁን ዳር ዳሩን ልዙር ስል ግን የሆነ ቦታ ስደርስ አጥር ውሃው ድረስ ገብቶ ጠበቀኝ፣ ወደ አስፋልት ተመለስኩ፣ ትንሽ ሄጄ እንደገና ወደ ሐይቁ ወረድኩ፣ እንደገና አጥር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ህግ አለ፣ ባህር ዳር መሬት ያለው ሰው ለእግረኛ 3 ሜትር ማሳለፊያ እንዲተው ያስገድደዋል፣ ሀብታም ሁን ማን ሁን። እኛ ጋ 3 ሜትሩ ቀርቶ አንዱ ብትሆን ምን አለበት እላለሁ። የእግር መንገድ ካርታ ፍለጋ አንድ ቢሮም ገብቼ ነበር፣ ልጅቷ በጣም ትሁት ናት፣ የሐይቅ ፎቶ ያለበት ብሮሸር ሰጠችኝና "መኪና ይዘዋል?" አለችኝ።

የአክስቴን ልጅ ለምኜ ሁላ ወደሚባለው የሲዳማ ደጋ ወጣን። በሚኒባስ በአለታ ወንዶ አድርገን ሀገረ ሰላም፣ ከዛ በእግር ወደ ታች ልንወርድ። ልጁ ሐዋሳ ተወልዶ ያደገ ነው፣ ሲዳምኛ እንደ ውሃ ይጠጣል፣ ግን ለአስር ደቂቃ መንገድ ባጃጅ የሚጠራ አይነት ነው፣ በእግር ሲታይ "ምን ሆኖ ነው" እንዳይሉት የሚፈራ። ጠዋት ጉም ነበር፣ የቀርከሃው አጥር ከጉሙ ትንሽ ትንሽ እየወጣ፣ እንሰቱ ላይ ጠል እየተንጠባጠበ፣ ብርዱ የሞንፐልዬን ክረምት ያስንቃል።

ግማሽ ሰዓት እንደሄድን በፈረስ ላይ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ አገኘን። "ኬሬ?" አሉን፣ "ኬሬ" አልን፣ ከዛ ከላይ እስከታች አይተውን አንድ ነገር ጠየቁ። የአክስቴ ልጅ መሳቅ ጀመረ። "ላም ጠፍቷችሁ ነው ወይ ነው የሚሉት።" የለም አባቴ፣ እንዲሁ ነው የምንሄደው በላቸው አልኩት፣ ነገራቸው። ሽማግሌው ዝም ብለው አሰቡበት፣ ያፈርን መሰላቸው መሰለኝ፣ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው "ቀይ ከሆነች አንድ ከወንዙ ማዶ አይቻለሁ" አሉን። እና ልንገባበት ያሰብነውን መንገድ በዱላቸው ከለከሉን፣ መሻገሪያውን ግንድ ጎርፍ ወስዶታል፣ ከፈረሳቸው ወርደው ሌላ መሻገሪያ ድረስ አደረሱን። ያኔ ያ ኤክስ ትዝ አለኝ፣ ኤክሱ እዚህ ጋቢ ለብሶ ነው የሚሄደው።

አሁን ግን "አየህ የኛ አገር ሰው" ብዬ እንዳልፎክር ትንሽ ወረድ እንዳልን ሁለት ሴቶች ዳገቱን ሲወጡ አገኘናቸው፣ ጀርባቸው ላይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ አንዷ ባዶ እግሯን ናት፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚቷ ድረስ። መንገድ ለቀን ጥግ ያዝን። ባለ ባዶ እግሯ የኔን ምርኩዝ፣ ያው ሀይከሮች የሚይዙትን ከአሉሚኒየም የተሰራውን፣ አየችና ቆመች። መንገድ የምንለካ ሰዎች መስለናት ነው ለካ፣ "መኪና መንገዱ መቼ ነው የሚገባው?" ነው ያለችው። የአክስቴ ልጅ እኛ አይደለንም አላት፣ አላመነችውም፣ ቤቷን በእጇ እያሳየች "በዛ በኩል ቢሆን ይሻላል" ብላ ሄደች።

ምን ትላታለህ? መንገድ አይምጣ፣ ያንቺ የእግር መንገድ ያምራል፣ ዩኔስኮ ሊመዘግበው ይችላል? መንገዱ ሲገባ እሷ ባጃጅ ትይዛለች፣ ይገባታልም፣ ልጇ ሐዋሳ ይወርዳል፣ ያቺ የእግር መንገድ ሳር ይበቅልባታል፣ ኮስ ሜዣን ላይ የሆነው ይሄው ነው። እኔ የምለው የእግር መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት የሚያርፉበት አንድ ሁለት ቤት፣ ቡና የምትሸጥ ሴት፣ በአጥር የማይዘጋ መተላለፊያ ቢኖር ነው፣ ቀለሙ ይቆይ። ደሞ ልጆቹን "ፈረንጅ ብር" ማለት ያስተማረው ቱሪስት የማነው ልጅ ነው፣ እኔን ጥቁሩን ፈረንጅ ሲሉኝ የአክስቴ ልጅ ስቆ ሊሞት።

ማታ እግራችንን ሞቅ ባለ ውሃ ነክረን ለአክስቴ ስንተርክላት ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ሁሉንም ሰማች፣ ገደሉን፣ ወንዙን፣ ላሟን። ከዛ ቀና ሳትል፣ "በደርግ ጊዜ ሁላ ተመድቤ አስተምር ነበር'ኮ" አለች፣ "ክረምት ላይ መኪና ሲቆም ደሞዝ ለመቀበል በዛው መንገድ ነበር የምንወርደው፣ በላስቲክ ጫማ። ስንት ጊዜ እንደወረድኩ አላውቀውም፣ ፎቶ ያነሳኝ የለም።" የአክስቴ ልጅ አፉን ከፍቶ ቀረ፣ እናቱ ነች'ኮ፣ አንድ ቀን ነግራው አታውቅም። እሷ ቢላዋውን አስቀምጣ በረንዳው ላይ ጭቃው የደረቀበትን ጫማዬን አየችና፣

"ለመሆኑ ስንት ገዛኸው?"

ግማሹን ቀንሼ ነገርኳት፣ እሱንም ሰምታ አማተበች።