ለክቡር ፌስታል፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የከተማችንን ወንዝ በበላይነት ስለመምራትዎ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

አድራሻዎን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ አጥር ላይ ቢሰቀሉ፣ ዛፍ ላይ ቢውለበለቡ፣ ቦይ ውስጥ ቢወሸቁ «ባሉበት» የሚለው ቃል እንደሚያገኝዎ አውቃለሁና። እ.ኤ.አ. በ1965 ሴሎፕላስት የተባለው የስዊድን ኩባንያ ዛሬ በምናውቀው ቅርጽዎ የባለቤትነት መብት ካስመዘገበልዎ ወዲህ፣ ከሱቅ እስከ ቤት ለሩብ ሰዓት አገልግለው ቀሪውን ዘመን በወንዝ ዳር በጡረታ የሚያሳልፉ ባለሥልጣን ከእርስዎ በቀር አላየሁም።

ከተሞች ወንዞቻቸውን ለመጠበቅ የሚያወጡትን ደንብ አንብበው እንደሚስቁ እገምታለሁ። ደንቡ ከወንዙ ግራና ቀኝ በዚህን ያህል ሜትር ውስጥ ቤት እንዳይሠራ፣ ይልቁንም ዛፍና ሣር እንዲተከል ያዛል። ደግ ነው፤ ሥሩ ዳርቻውን ከመሸርሸር ያድነዋል፣ ሣሩም ጎርፍ ተሸክሞት የመጣውን አፈር ያስቀራል። እርስዎ ግን መቼ በዳርቻው በኩል መጥተው ያውቃሉ? የዝናብ ውኃ ቦይ ከፍሳሽ ቱቦ በተለየበት ከተማ፣ ቦዩ የተቀበለውን ሁሉ ሳያጣራ በቀጥታ ወንዝ ውስጥ ይጨምራል። ጥበቃው ዳርቻው ላይ ቆሞ ሜትር ሲለካ፣ እርስዎ ከእኔ ደጃፍ ተነሥተው በምድር ውስጥ ያልፉታል። የወንዙ ዳር የሚጀምረው ከደጃችን ቦይ አፍ ነው የሚል አንቀጽ እስካሁን አላነበብኩም፤ ለዚህም ውለታ ደንብ አርቃቂዎችን ሳያመሰግኑ አይቀሩም።

ባለፈው ዝናብ ውኃው መንገዱን ሞልቶ ደጄ ሲደርስ እንጨት ይዤ ወጣሁ። በቦዩ የብረት ፍርግርግ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥረው አገኘሁዎት። ጫፍዎን ይዤ ብጎትት ከሥርዎ ሌላ እርስዎ፣ ከእሱም ሥር ሌላ፤ በሆድዎ ደግሞ አሸዋ፣ የበሰበሰ ቅጠልና አንድ እግር የሕፃን ጫማ። ውኃው አጓርቶ ሲወርድ ከመካከላችሁ ሁለቱ ከእጄ አምልጠው አብረውት ሄዱ። ከውኃ ስለሚቀልሉ እንደማይሰጥሙ፣ ፀሐይም እየሰነጣጠቀች ብታደቅዎ እንደማይበሰብሱ ስለማውቅ አላዘንኩም፤ ዓሣዎቹ ድርሻቸውን ተመጥኖና ደቅቆ ያገኙታል።

ከሳሾች እንዳሉዎት አይካድም። ባንግላዴሽ በ1988 እና በ1998 (እ.ኤ.አ.) በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የከተማ ቦዮችን ደፍነዋል ተብለው ተከሰሱ፣ በ2002 ደግሞ ታገዱ። እገዳው ወረቀት ላይ ሲቀመጥ እርስዎ ገበያ ውስጥ ተቀመጡ፤ በ2024 መንግሥት ያንኑ እገዳ እንደ አዲስ ለማስፈጸም ሲነሣ እዚያው ነበሩ። የካሊፎርኒያውን ጨዋታዎን ግን ከሁሉ አደንቃለሁ፦ የ2014ቱ ሕግ ስስ ከረጢትን ሲከለክል ወፈር ብለው «ተደጋግሜ የማገለግል ነኝ» አሉ፣ ይህም ቀዳዳ እንዲደፈን የተወሰነው በ2024 ነው። በውፍረት ከወንጀል ነጻ የወጣ ሌላ ተከሳሽ አላውቅም። ያሸነፈችዎ አየርላንድ ናት፤ በ2002 በነፍስ ወከፍዎ 15 የዩሮ ሳንቲም ብታስከፍል ተጠቃሚዎ ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። ለካ ወዳጆችዎ የሚወዱዎት በነጻ እስከሆኑ ድረስ ብቻ ኖሯል! ይህን ምስጢር ለከተማችን ምክር ቤት እንዳልነግር የሚፈልጉ ከሆነ፣ ከመጪው ዝናብ በፊት የደጃፌን ፍርግርግ ለቀው እንዲነሡልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
እንጨት የያዘው ጎረቤትዎ

ግልባጭ፦
ለወንዙ (ደብዳቤው እንዳይርስ በእርስዎ ውስጥ ተከትቶ በቦይ ተልኳል)